ጨለማ ሥዕል የሚሥል ሰው ሁሉ ታሟል እንዴ?

ከሰል

ሰላም ለዚህ ቤት። አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ የምሄድ ነኝ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ከንክኖኝ መጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ከሌሎች ሠዓሊዎች ጋር ሆነን ሥራዎቻችንን አሳይተን ነበር። እኔ ሦስት የከሰል ሥዕሎች ሰቀልኩ። አንዱ ባዶ ወንበር ነው። ማንም የለበትም፤ መቀመጫው ግን ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል። ሁለተኛው ጀርባዋን የሰጠች ሴት ናት። ፀጉሯ ወለሉ ድረስ ወርዶ ሥር ሰድዷል። ሦስተኛው በር ነው። በቃ፣ የተዘጋ በር።

አንዲት ጨዋ ሴትዮ ሦስቱንም ካዩ በኋላ ክንዴን ያዝ አድርገው "የኔ ልጅ፣ ደህና ነሽ ግን?" አሉኝ። ከልባቸው ነው። ደህና ነኝ አልኳቸው። አላመኑኝም። ከእሳቸው በኋላ ሁለት ሰዎች ያንኑ ጠየቁኝ። ከጎኔ የአበባ ሥዕል የሰቀለውን ልጅ ግን ማንም ደህና ነህ ወይ አላለውም። (እሱ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከባድ ሐዘን ላይ ነበር። ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።)

አንደኛ፣ ጨለማ የሚሥል ሰው የግድ ጨለማ ውስጥ መሆን አለበት?

ሁለተኛው ይበልጥ ገርሞኛል። ሰዉን ከሦስቱ የረበሸው በሩ ነው። ምንም የሌለበት እሱ! እዚያው አዳራሽ ውስጥ አንድ ወጣት ደም በደም የሆነ ትልቅ ሸራ ሰቅሎ ነበር፤ ሰዉ እየሳቀ ፎቶ ይነሳበታል። ደም ፊት ቆሞ የሚስቅ ሰው በር ፊት ምን ያስጨንቀዋል?

ዓመት የምትጠቅሱ በፈረንጅ አድርጉት። ባለፈው ተምታቶብን ነበር።

እንቅልፍ_አልባ

እህቴ፣ ለአንደኛው ጥያቄሽ መልሱ አንድ ስም ነው። ዝጂስዋፍ ቤክሺንስኪ። ፖላንዳዊ፣ 1929 ተወልዶ 2005 የሞተ። ሥዕሎቹን ያላየ ሰው ዛሬ ማታ ብቻውን ሆኖ እንዳይጀምር። ከአጥንት የተገነቡ የሚመስሉ ካቴድራሎች። ፊቱ በጨርቅ ተጠምጥሞ በተቃጠለ ሜዳ ላይ የሚሳብ ፍጡር። ሰማዩ ሁሉ ብጫና ቡኒ ጭጋግ። ህልምን ፎቶ እንደማንሳት ነው፤ እሱም የሚፈልገው ያንኑ ነበር።

ይህን ያየ ሰው ሠዓሊውን ምን ብሎ ይገምታል? መጋረጃ ዘግቶ ለብቻው የሚያጉረመርም ሰው። የሚያውቁት ግን ዓይን አፋር፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ደግ ሰው ነበር ይላሉ። ሙዚቃ ጮክ አድርጎ ከፍቶ ነው የሚሥለው። እንዲያውም ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹ የሚያስቁ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ለአንዳቸውም ርእስ አልሰጠም። "ምን ማለት ነው?" የሚል ሰው አይመቸውም።

አሁን ሕይወቱን ስሙ። 1998 ሚስቱ ሞተች። በዓመቱ አንድያ ልጁ ራሱን አጠፋ። 2005 ላይ ራሱ ቤቱ ውስጥ በስለት ተገደለ። ስለዚህ ሰዉ ዛሬ ሥዕሎቹን ሲያይ "ትንቢት ነው፣ ሕመም ነው" ይላል። ግን ቀኑን ቁጠሩት! እነዚያ ዝነኛ አስፈሪ ሥዕሎች በአብዛኛው የተሠሩት ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ሰውየው ቤቱ ሙሉ በነበረበት ዘመን። መከራው የመጣው ኋላ ነው።

ተጠራጣሪ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይኼ "ጨለማ" የሚባል ነገር ሰልችቶኛል።

የራስ ቅል ድሮ ቁም ነገር ነበረው። ጀርመናዊው ሠዓሊ ሆልባይን በ1533 የሣላቸውን ሁለት መኳንንት አስታውሱ። ሐር ለብሰው፣ መሣሪያቸውንና መጽሐፋቸውን ደርድረው ቆመዋል። ከእግራቸው ሥር አንድ የተንጋደደ፣ ምን እንደሆነ የማይለይ ነገር አለ። ከጎን ጠጋ ብለህ ስታየው የራስ ቅል ነው። ቀጥ ብለህ ሰዎቹን ስታይ ሞቱ አይታይህም፤ ሞቱን ስታይ ሰዎቹ ይጠፉብሃል። ይኼ ነው ጥበብ!

ዛሬስ? የራስ ቅል ካናቴራ ላይ አለ። ስልክ መያዣ ላይ አለ። የሕፃን ካልሲ ላይ አይቻለሁ። የሕፃን ካልሲ!

እንግሊዛዊው አርቲስት ዴሚየን ኸርስት 1991 ላይ አንድ ሙሉ ሻርክ ፎርማልዲሃይድ (ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚደረግበት ፈሳሽ) ውስጥ ነክሮ ሞት ማለት ይህ ነው አለን። ሻርኩ ይበሰብስ ጀመር። ፈሳሹ ደፈረሰ፣ ቆዳው ተሸበሸበ። 2006 ላይ በሌላ ሻርክ ተተካ። ሞትን ሊያሳየን የመጣው ሥራ ሞተና መለዋወጫ ተገጠመለት! 2007 ላይ ደግሞ የራስ ቅል በፕላቲነም አስቀርጾ 8,601 አልማዝ ደረደረበት። ይኼ ጨለማ ነው ወይስ የወርቅ ቤት መስኮት?

የሸራ_ወጣሪ

ተጠራጣሪ ወዳጄ፣ በአልማዙ አልከራከርህም። በሻርኩ ግን እከራከርሃለሁ። ለእኔ የሥራው እውነተኛ ክፍል መበስበሱ ነው። ሥራው የሚለው እኮ ሕያው ሰው ሞትን በሐሳቡ ሊጨብጠው አይችልም ነው። አስሬዋለሁ ያሉት ነገር ከመስታወቱ ውስጥ ሆኖ "አልታሰርኩም" አላቸው። መተካት አልነበረበትም።

አሁን ወደ ልጄ ከሰል። ስፔናዊውን ሠዓሊ ጎያን ታውቂዋለሽ። ከ1819 እስከ 1823 ባለው ጊዜ፣ አርጅቶ፣ መስማት ተስኖት፣ ማድሪድ ዳር በነበረው ቤቱ ግድግዳ ላይ 14 ሥዕሎች ሠራ። ያዘዘው የለም። ለሕዝብ አላሳያቸውም። ስም እንኳን አላወጣላቸውም፤ ዛሬ የምንጠራቸው ስሞች ሌሎች ያወጧቸው ናቸው። ኋላ ከግድግዳው ተልጠው ወደ ሸራ ተዛወሩ። አሁን ፕራዶ ሙዚየም ናቸው።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ልጁን የሚበላውን የሮማውያን አምላክ፣ ሳተርንን ነው። ደም አለ፣ የተቀነጠሰ ገላ አለ፣ የፈጠጠ ዓይን አለ። እኔን አርባ ዓመት ያልለቀቀኝ ግን ውሻው ነው። ሰፊ፣ ባዶ፣ ብጫ ቦታ። ከታች ያዘመመ ቡኒ ነገር። ከዚያ ጀርባ የአንድ ትንሽ ውሻ ራስ። ሽቅብ ያያል። ምን እንደሚያይ አይታወቅም። አፈር እየዋጠው ይሁን፣ ብቅ እያለ ይሁን አይታወቅም። ሳተርን የጀመረውን ሊጨርስ ነው፤ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ውሻውን ግን ማንም አልጨረሰው። በየቀኑ እኛው እንጨርሰዋለን፣ በየቀኑ በሌላ መንገድ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ከበሩ ሥር ብርሃን አለ?

ከሰል

አለ። እንዴት አወቁ? ቀጭን መስመር ነው። ሌላውን ሁሉ ከሰል አልብሼ እዚያ ጋ ወረቀቱን ነጭ ትቼዋለሁ።

የሸራ_ወጣሪ

እንግዲያው ያስፈራቸው በሩ አይደለም። ከበሩ ወዲያ ያልተኛ ሰው መኖሩ ነው።

እንቅልፍ_አልባ

ጋሼ፣ ይኼን ካነበብኩ በኋላ የመኝታ ቤቴን በር ማየት አቅቶኛል። እግዜር ይይልዎ።

የማታ_ፈረቃ

እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። ነርስ ነኝ፣ ብዙ ጊዜ የሌሊት ተረኛ። ሰው ሲሞት አጠገቡ የምገኘው እኔ ነኝ። ዓይኑን የምከድነውም እኔ ነኝ።

ስለዚህ የመቃብርና የአጽም ሥዕል አያስፈራኝም። ግን አያሳምነኝምም። ሞት እንደዚያ ጯሂ አይደለም። ሰውየው ድንገት ያንሳል፣ አልጋው ይሰፋል። ሌላ ምንም የለም።

ይህን የሚያውቅ አንድ ሥራ በፎቶ አይቻለሁ። የቀራጺው የሮን ሙዬክ "የሞተ አባት"፣ ከ1996 እስከ 97 የሠራው። አባቱ ነው። ራቁቱን በጀርባው ተጋድሟል። ከሲሊኮን የተሠራ ነው፤ የቆዳው ሽብሽብ፣ የጥፍሩ ቀለም፣ የእግሩ ፀጉር፣ ምንም የቀረ ነገር የለም። ፀጉሩንም ከራሱ ከሙዬክ ራስ ነው የወሰደው። እንግዲህ ሁሉ ነገር እውነት ሆኖ ሳለ የሬሳው ርዝመት 102 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። አባትህን እንደ ሕፃን ጎንበስ ብለህ ታየዋለህ። እኔ ያ ማነስ የት እንዳለ አውቃለሁ። ማንም እንደዚያ አድርጎ ሲነግረኝ ግን ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሌላዋ ቴሬሳ ማርጎሌስ ናት፣ የሜክሲኮዋ። ፎረንሲክ ሕክምና ተምራለች፤ አስከሬን ክፍል ውስጥ ሠርታለች። 2003 ላይ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ከላይ የሳሙና አረፋ የሚያዘንብ ማሽን አቆመች። ያምራል። እጅህን ዘርግተህ ልትይዘው ትፈልጋለህ። ከዚያ ማብራሪያውን ታነባለህ፤ አረፋው የተሠራው አስከሬን በታጠበበት ውሃ ነው። ከጀርም ጸድቷል፣ አይበክልህም። ግን አረፋው ክንድህ ላይ ሲፈነዳ የሆነ ሰው ነክቶህ አለፈ ማለት ነው።

2009 ደግሞ ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ትልቅ የጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ የተገደሉ ሰዎች ደም በተቀላቀለበት ውሃ ወለሉን በየቀኑ አስወለወለች። የሚወለውሉት የሟቾች ዘመዶች ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ሆዴን ይበላኛል። ሟቹ እሺ ብሏል ወይ? እኔ አጥቤ የሸኘሁት ሰው ውሃ ለኤግዚቢሽን ይሰጥ ቢሉኝ እምቢ ነው የምለው። ሥራዋ ደግሞ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሁለቱንም ይዤ እየዞርኩ ነው።

የሸራ_ወጣሪ

ነርሷ እህታችን ፈቃድን ካነሳሽ አንድ የቀለም ጉድ ላጫውታችሁ።

ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 20ኛው መግቢያ ድረስ አውሮፓ ውስጥ "የሙሚ ቡኒ" የሚባል ቀለም ይሸጥ ነበር። ስሙ ለጌጥ አልነበረም። ከግብጽ የመጣ የደረቀ አስከሬን ተፈጭቶ የሚሠራ ነው። ለጥላ፣ ለቆዳ፣ ለሚያምር ቡኒ ብርሃን ይጠቀሙበታል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ በርን ጆንስ ነገሩን ሲሰማ ደንግጦ የነበረችውን አንዲት ቱቦ ይዞ ወጣና አትክልት ቦታው ውስጥ ቀበራት። ቀለሟን ቀበራት! ለሰውየው ከዘመናት በኋላ የደረሰው ሁለተኛ ቀብር መሆኑ ነው።

ስለዚህ ማርጎሌስ የሠራችው አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ማብራሪያውን ግድግዳው ላይ መለጠፏ ነው። ያን ጊዜ ስንት የተረጋጋ መልክዓ ምድር፣ ስንት ፀሐይ መጥለቂያ የሰው ገላ ተቀብቶበት እንደተሰቀለ ማን ያውቃል። ዛሬም "አይቮሪ ብላክ" የሚባለው ጥቁር ቀለም ከተቃጠለ የእንስሳ አጥንት ነው የሚሠራው። በዘይት ቀለም የሚሠራ ሰው አበባም ይሣል ሌላ፣ ብሩሹ አጥንት ነክሯል።

በነገራችን ላይ ለጀማሪዎች፤ ጥልቅ ጨለማ ስትፈልጉ ከቱቦ የወጣውን ጥቁር እንዳለ አትለጥፉ። ሞቶ ይቀራል፣ ቀዳዳ ይመስላል። ኡልትራማሪን ሰማያዊንና በርንት አምበር የሚባለውን ቡኒ አዋህዱ። ሰማያዊው ሲበዛ ጨለማው ይርቃል፣ ቡኒው ሲበዛ ይቀርባል። የሚያስፈራ ጨለማ ይተነፍሳል።

ተጠራጣሪ

እሺ፣ ቀለሟን መቅበሩን ወድጄዋለሁ።

ነጭ_ግድግዳ

ጋለሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ በአብዛኛው ቆሞ ሰው ማየት ነው፤ ስለ ሥዕል የማውቀውን ያህል ስለ ሰው አቋቋም አውቃለሁ።

ደም ያለበት ሥዕል ፊት ሰው "ዋው!" ይላል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ይሄዳል። ጸጥ ያለው ፊት ግን ይቀርባል፣ ይርቃል፣ ደግሞ ይቀርባል። ዞር ብሎ ሌላ ሰው እያየው እንደሆነ ያጣራል። አንዳንዱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ሠዓሊው ፍራንሲስ ቤከን ሥዕሎቹ በመስታወት እንዲሸፈኑ ይፈልግ ነበር። እሱ የፈለገው በሥዕሉና በተመልካቹ መካከል ርቀት እንዲኖር ነው። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። በ1953 የሠራውን የሚጮኸውን ጳጳስ መስታወቱ ላይ የራስህ ፊት ተደርቦ ነው የምታየው። ጳጳሱ ይጮሃል፣ አንተ አፍህን ዘግተሃል። (ቤከን ይህን ሥዕል የሠራው የድሮው ስፔናዊ ሠዓሊ ቬላስኬዝ ከሣለው ጳጳስ ተነስቶ ነው። ሮም የመሄድ ዕድል አግኝቶ እንኳ ዋናውን ሊያየው አልሄደም። በመጽሐፍ የታተመው በቅቶታል።)

አንድ ሌላ ልጨምር። የደቡብ አፍሪካዊቷ ጄን አሌክሳንደር በ1985 እና 86 የሠራችው ቅርጽ አለ። ሦስት ወንዶች፣ የሰው ቁመት ያላቸው፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ቀንድ አላቸው። አፍ የላቸውም። ምንም እያደረጉ አይደለም፤ ቢሮ ተራ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። የአፓርታይድ ዘመን ነው፣ አገሩ እየነደደ ነው። እሷ ግን ዱላ አላስያዘቻቸውም። አስቀመጠቻቸው። ሰው ለማጥፋት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ አረፍ ብሎ ይቀመጣል እኮ።

ባለፒክስል

እኔ በኮምፒውተር ነው የምሠራው፤ ከሌላ በር ልግባ።

ጊገርን ማንም አላነሳም! ስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ፣ ከ1940 እስከ 2014። ሌሊት በቅዠት ይሰቃይ ስለነበር መሣል እንደ መድኃኒት ሆኖለታል። ለአንድ የጠፈር ፊልም በነደፈው ፍጡር ምክንያት በ1980 ከባልደረቦቹ ጋር ኦስካር ወስዷል። ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለ ኤርብራሹ ነው። ብሩሽ ዱካ ይተዋል። ዱካው "ሰው ሠርቶኛል" ይላል፣ ያረጋጋል። ኤርብራሽ ቀለሙን እንደ ጤዛ ይረጨዋል፣ ዱካ የለውም። ጊገር አጥንትን ከቧንቧ፣ ሥጋን ከብረት ሲያገናኝ ስፌቱ አይታይም። የተሣለ ሳይሆን የበቀለ ነው የሚመስለው። የሚቀፈው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ሥዕል የሚሠሩ ማሽኖች መጥተዋል። 2015 ላይ ጉግል ያወጣውን፣ ፎቶን ወደ ቅዠት የሚቀይረውን ፕሮግራም ዲፕድሪምን ታስታውሳላችሁ? ደመና ውስጥ የውሻ ዓይን፣ ዛፍ ውስጥ የውሻ አፍንጫ፣ ሰው ጉንጭ ላይ ውሻ። ማሽኑ የሠለጠነበት የፎቶ ክምር ውስጥ ውሻ ስለበዛ የትም ቢያይ ውሻ ይታየው ነበር። ያ ለእኔ እውነተኛ ቅዠት ነበር፤ ማንም ሳያስበው ነው የመጣው።

የዛሬዎቹ ግን ተሞርደዋል። "እንደ ቤክሺንስኪ ሥራልኝ" ስትለው በሰከንዶች ውስጥ የአጥንት ካቴድራል ያመጣልሃል። ሃምሳ ያህል አሠርቻለሁ። ያምራሉ፤ በማግስቱ አንዱንም አላስታውሰውም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሁሉን ይሞላዋል። የከሰልን በር ሥራ ስለው በሩ ላይ የራስ ቅል ቀረጸበት። "የራስ ቅሉን አንሳ" አልኩት። ሸረሪት ድር አደረገበት። "ባዶ በር" አልኩት። ጭጋግ ጨመረበት! ምስኪን፣ ዝም ማለት አያውቅም።

ተጠራጣሪ

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ግን እንዲህ ተስማምተን እንዳንቀር እፈራለሁ። "ጸጥታ ይበልጣል" ማለትም ፋሽን ሊሆን ነው። ነገ ሁሉም ባዶ ወንበር ሊሥል ነው። የእንግሊዛውያኑን አርቲስቶች የቻፕማን ወንድማማቾችን "ገሃነም" የት ትወስዱታላችሁ? በ1999 እና 2000 የሠሩት። በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ አሻንጉሊቶች፣ ናዚዎች ናቸው፣ እርስ በርስ እየተራረዱ። ጸጥታ የሚባል ነገር የለም። እኔ እንኳ፣ ይህን ሁሉ የምጠላው ሰው፣ ፎቶውን ሳየው ቀልቤ ተገፏል። ብዛቱ ራሱ ነው የሚያሳብደው። አንዱን ትንሽ ሰው ለይተህ ስታዝንለት ከጎኑ ሌላ ሺህ አለ።

2004 ላይ ለንደን ውስጥ መጋዘን ተቃጥሎ "ገሃነም" በእሳት ነደደ። ቀልድ አይደለም። ወንድማማቾቹ ቁጭ ብለው እንደገና ሠሩት፣ 2008 ላይ አሳዩት።

የሸራ_ወጣሪ

ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። ጸጥታ ሕግ አይደለም። እነሱ ግን አንድ ባልዲ ቀይ ቀለም አልደፉም። ትንንሾቹን አንድ በአንድ ቀብተዋል፤ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ያ ድካም ይታያል። የማይረባው የደም ሥዕል የሚታወቀው በስንፍናው ነው።

ሌላ የተረሳ ነገር አለ። በ1924 ፈረንሳዊው ጸሐፊ ብሬቶን ሱሪያሊዝም የተባለውን የጥበብ እንቅስቃሴ መግለጫ ሲያወጣ ማስፈራራት ዓላማው አልነበረም። ህልምና ውን አንድ ቤት ውስጥ ይኑሩ ነበር ያለው። ፍርሃት ከደስታ ጋር ተቃቅፎ ይመጣል። የእኛው እስክንድር ቦጎሲያን ፓሪስ ሳለ በ1964 ከሠራቸው አንዱን "የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ" ነው ያለው። የሌሊት ፍጥረቶች በጨለማ ይበራሉ። ልትሸሽ ነው ወይስ አብረህ ልትበር? ቆመህ ትቀራለህ።

የጓዳ_መብራት

ይቅርታ፣ እንደ እናንተ የጠለቀ እውቀት የለኝም። የ13 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ከጥቂት ወራት ወዲህ ዓይን ብቻ ነው የሚሥለው። ግድግዳ ላይ ዓይን፣ እጅ መዳፍ ላይ ዓይን፣ ብዙ እግር ያለው ዓይን። ደብተሩን ሳየው ሆዴ ባዶ ይላል። ዘመድ "አስቁሚው" ይለኛል። እንደ ልጅ እናት ምን ላድርግ?

የማታ_ፈረቃ

እህቴ፣ ደብተሩን ሳይሆን ልጁን እይው። ይተኛል? ይበላል? ከጓደኞቹ ጋር ይስቃል? ስለ ሥዕሎቹ ስትጠይቂው ያወራሻል? እነዚህ ካሉ ተይው ይሣል። ድንገት ዝም ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ የሚወደውን ሁሉ ከተወ፣ ወይም ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ግን አበባ ቢሥልም ባለሙያ ጋ ውሰጂው። ደብተሩን ግን እንዳትቀጂው አደራ።

ነጭ_ግድግዳ

እናቴ፣ የቀራጺዋን የሉዊዝ ቡርዧን ሸረሪት አይተዋት ያውቃሉ? 1999 የሠራችው። ከ9 ሜትር በላይ ትቆማለች፣ ሆዷ ውስጥ የእብነ በረድ እንቁላሎች ይዛለች። ከሥሯ ስትቆም እግሮቿ እስር ቤት ይመስላሉ። ስሟ "እማማ" ነው። ቡርዧ ለእናቷ ነው የሠራችው። እናቷ የድሮ ጥልፍ ምንጣፍ የምትጠግን ሴት ነበረች፤ እንደ ሸረሪት የተቀደደውን መልሳ የምትሠራ፣ ብልህ፣ ታጋሽ። ልጅ ሲያየው ይሮጣል፣ ለሠሪዋ ግን ፍቅር ነው።

ዓይኖቹን ማን እንደሆኑ ይጠይቁት እስቲ።

የጓዳ_መብራት

ጠየቅሁት። ብዙ እግር ያለው "የሒሳብ መምህሬ ነው" አለኝ። ተመስገን። ሳቅ ገደለኝ።

እንቅልፍ_አልባ

ይኼ መምህር ሙዚየም ሊገባ ነው!

ከሰል፣ ለሁለተኛው ጥያቄሽ ደግሞ የቆየ መልስ አለ። የሥነ ልቦናው ሊቅ ፍሮይድ በ1919 ስለዚህ ስሜት ጽፏል። በጀርመንኛ ቃሉ (ኡንሃይምሊኽ) "ቤት" ከሚለው ቃል ነው የሚመዘዘው፣ ከፊቱ አፍራሽ ተጨምሮበት። የሚያስፈራው ጨርሶ የማታውቂው ነገር አይደለም፤ የምታውቂው ነገር ባዳ ሲሆንብሽ ነው። ወንበር፣ ፀጉር፣ በር። ዘመድ የመሰለ ባዳ። ዘንዶ ብትሥዪ ማንም ደህና ነሽ ወይ አይልሽም ነበር፤ ዘንዶ ቤቱ ያለው የለማ።

ከሰል

ሦስት ቀን ጠፍቼ ነበር፤ ጋሼ ስለ ብርሃኑ የጠየቁኝን እየሞከርኩ ነው። በሩን በሌላ ወረቀት ሁለት ጊዜ ደግሜ ሣልኩት። በመጀመሪያው የብርሃኗን መስመር በከሰል ዘጋኋት። ምንም አልሆነም። ጨለማ ክፍል ያለ በር፣ የዕቃ ቤት ነው የሚመስለው። በሁለተኛው መስመሯን ተውኩና መሐሏ ላይ ሁለት ጥቁር ጥላ አደረግኩ፤ ከበሩ ወዲያ የቆመ ሰው እግር። ይኼኛው ለአንድ ደቂቃ ያህል አስደነገጠኝ፣ ከዚያ የፊልም ማስታወቂያ መሰለኝ። በላጲስ አጠፋሁት። ዋናው እንዳለ ቀረ።

የአበባው ልጅ ትናንት ማታ ሥራ ቦታዬ መጥቶ ነበር። ሦስቱ ተደርድረዋል። ሁለቱን ዘለላቸው። ዋናው ፊት ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ እኔን ሳያየኝ "ማን ነው እስካሁን ያልተኛው?" አለ። አለመፍራቱን ከድምፁ አወቅሁ። እሱን ሲጠብቅ ያመሸ ሰው ቤት የደረሰ ነው የሚመስለው።

ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም።

የሸራ_ወጣሪ

አትመልሺለት። ሥዕሉንም ከእንግዲህ አትንኪው፤ የከሰሉን ዱቄት ማጣበቂያ ርጪበትና አስቀምጪው።